ነጭ ደሜ በበዛበት ሰሞን

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ነው የምጽፈው። በቀደም በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አንዲት ልጅ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። ስለካት አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻሽ ፈታችው፤ ከጆሮዋ ሥር ግራና ቀኝ አብጧል። ቀሚሱ የሰፋባት ሰውነቷ ስለቀነሰ ነው። ከቦርሳዋ የደም ምርመራ ወረቀት አወጣችና፣ "ነጭ ደምሽ በዝቷል አሉኝ። ካንሰር ነው አይደል?" አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላም ሰው ነበር። "አይዞሽ፣ ተመልሰሽ ሐኪሙን ጠይቂው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ ዞሬያለሁ። ለእሷና እንደ እሷ ለሚጨነቁ የደረሰብኝን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስለ ሕክምና የማውቀው ስለ ራሴ ደም የተነገረኝን ብቻ ነው።

ትውልዴ እንጭኒ ነው። ስምንተኛን እንደጨረስኩ ታላቅ እህቴ ወደ አምቦ ወሰደችኝ። እሷ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ገመቹ የካቺሲ ልጅ ነው፣ አስተማሪ። ልጃቸው ሲፈን ገና በጡት ሳለች እህቴ ወደ ሥራ መመለስ ነበረባትና ልጅ ልይዝላት ሄድኩ። ሲፈን መሄድ ስትጀምር የሚያስተኛት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቷ ከሥራ ስትመጣ ትፈነድቃለች፤ እንቅልፏ ሲመጣ ግን ዞራ ወደ እኔ ነው። "ታታ" ነው የምትለኝ። ሥጋ ሲኖር አላምጬ አለስልሼ አጎርሳታለሁ፤ እናቴ ሁላችንንም ያሳደገችን እንዲሁ ነው። እሷም የነከሰችውን ዳቦ ከአፏ አውጥታ አፌ ውስጥ ትከታለች፤ እምቢ ካልኩ ታለቅሳለች። ሰው ፊት ቀና ማለት የሚያቅተኝ ሰው እሷ ፊት እዘፍን ነበር። በዚያ ቤትም ሆነ በከተማው የማላፍራት እሷን ብቻ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ከመስቀል በኋላ ነው። መጀመሪያ ድካም ብቻ ነበር። ልጅቷን አዝዬ ከገበያ ስመለስ እግሬ አልሄድ ይለኝና የሰው ደጅ ላይ እቀመጣለሁ። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ። "ምች ነው" አለች እህቴ፤ ከጎረቤት ዳማከሴ ለምና ጨምቃ አጠጣችኝ። አላበኝ እንጂ አልለቀቀኝም። ሰንበት ብሎ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

በሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ደም ወሰዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለባት" አሉ። ማታ እህቴ ለገመቹ ስትነግረው ሳቀ።

"አምቦ ውስጥ ታይፎይድ የለበትም የሚባል ሰው ካለ፣ ደሙን ያልተመረመረ ሰው ነው" አለ። "ዳይሬክተራችንም አለበት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም አለበት።"

ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ እንዳለ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ አፌን በባትሪ አይተው፣ "ቶንሲል ነው፣ ነጭ ሸፍኖታል" ብለው አሞክሳሲሊን ሰጡኝ። እሱን በጀመርኩ በጥቂት ቀን ከሆዴ ተነሥቶ እስከ ክንዴ ድረስ ቀይ ሽፍታ ወረሰኝ።

ገመቹ ከትምህርት ቤት ሲገባ ሲፈንን አቅፌ በር ላይ ቆሜ ነበር። ክንዴን አየ። አልጮኸም።

"ልጄን ስጪኝ" አለ።

ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆዬና ሳህኔ ለብቻ ሆኑ። መኝታዬም ዕቃ ቤት ተዛወረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ፣ ብርድ ልብስም ጨመረ። እህቴ እንደነገረችኝ ካቺሲ ሳሉ ታላቅ ወንድሙ ሲያስል "ቀላል ነው" ተባለ፤ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ከርመው ወንድሙ በሳንባ በሽታ ሞተ። እሱም ሕፃን ሆኖ ብዙ ወር መርፌ ሲወጋ ኖሯል። ይህን ስለማውቅ ልቀየመው አልቻልኩም። ግን ሲፈን ወረቀትም ሽፍታም አታውቅም። መጥታ በሩን በመዳፏ ትመታለች። "ታታ" ትላለች። ዝም ስላት ጣቶቿን በበሩ ሥር ታስገባለች። ተኝቼ እነዚያን ጣቶች አያለሁ፤ አልነካቸውም።

ብዙ ሳይቆይ አንገቴ አበጠ። እህቴ ፈቃድ ወስዳ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። ካርድ አውጥተን ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እህቴ ወረፋ ልታጣራ ስትነሣ ጎኔ የነበሩ የገጠር እናት ነጠላዬን እስከ አፌ መሳቤን አዩና "ማል ታቴ፣ ኢንተለ ኮ?" አሉኝ፤ ምን ሆንሽ ልጄ ማለታቸው ነው። አንገቴን አሳየኋቸው። ሌላው ሰው ሲያየኝ ፈቀቅ ይላል፤ እሳቸው ግን ጠጋ አሉና ራሴን ትከሻቸው ላይ አስደገፉኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። እህቴ እስክትመለስ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደሜ ታየ። ውጤቱን የሰጠን ወጣት ባለሙያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ነጭ የደም ሴሏ በጣም ከፍ ብሏል" አለ።

"ምን ማለት ነው?" አለች እህቴ።

"ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ሌሎችም ምርመራዎች ታዝዘዋል፣ ከነገ ወዲያ ሐኪሟ ታነጋግራችኋለች" አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ሰው የሚጎዳው በዚህች "ብዙ ነገር" በምትባል ቃል ነው። ማታ እህቴ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልኳ ላይ ጽፋ ፈለገች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁና ስልኩን ወሰድኩባት፤ የደም ካንሰር ይላል። መልሳ ወስዳ አጠፋችውና "ኔትወርኩ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀባጥራል" አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ሞትን እፈራ ነበር፤ ከሞት ይልቅ ግን ሲፈንን አንድ ጊዜ ሳላቅፋት እንዳልሄድ ነበር የምፈራው።

እናቴ ከእንጭኒ ተጠርታ መጣች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የደረሰችው በማግስቱ ነው፤ በጀሪካን ጠበል ይዛለች። እኔን ከማየቷ እጇን ልብሴ ሥር አስገብታ ሆዴን ዳሰሰች። ግራ ጎኔ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ጣፊያዋ አብጧል" አለች። "እዚህ ከተማ የሚያሽ ሰው የለም? ሁለት ቀን በቅቤ ቢታሽ ይመለሳል።"

ጎረቤቶች የምታሽ ሴት ወዲያው ነገሯት፤ ለማግስቱ ከሰዓት ቀጠሮ ያዘች። ደግነቱ በዚያው ቀን ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ መቅረብ ነበረብን። እናቴ አብራኝ ገባች።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። አንገቴን፣ ብብቴን፣ ጉሮሮዬን አየች። ሆዴን ስትዳስስ እናቴ፣ "ጣፊያዋ ነው፣ ዛሬ ይታሽላታል" አለቻት። ሐኪሟ እጇን አነሣች።

"እናቴ፣ ጣፊያው ማበጡ እውነት ነው። ግን ያበጠ ጣፊያ ሲታሽ ሊፈነዳ ይችላል። ከፈነዳ ውስጥ ለውስጥ ደም ይፈስሳትና እዚህ ሳትደርስ ልትሞት ትችላለች። ሆዷን ማንም እንዳይነካው። ከባድ ነገርም አታንሣ።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወዲያው ደግሞ፣ "ደሟ ነጭ ሆኗል የሚሉትስ?" አለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እኛ አዙራ ዘረጋችው። እስከዚያ ቀን ወረቀቱን ወደ እኔ ያዞረልኝ ሰው አልነበረም።

"እንጭኒ ቤት ሲቃጠል እሪ ይባላል አይደል?"

"ይባላል እንጂ።"

"እሪታውን የሰማ ሰውስ?"

"ያገኘውን ይዞ ይወጣላ።"

"አንዱ ዱላ፣ አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ባልዲ ይዞ ይወጣል፤ ልብሱን በወጉ ያልለበሰም አለ። ከሩቅ የሚያይ መንገደኛ ወንበዴ ተሰበሰበ ብሎ ይደነግጣል። ጎረቤት ነው ግን፣ ሊረዳ የወጣ። ነጭ ደም ማለት በሽታ ሲገባ የሚወጣልን ጎረቤት ነው።" ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። "ይኼ ሊምፎሳይት የሚባለው ዓይነት ነው የበዛው። በማይክሮስኮፕ አየነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠርዙ የተጣመመ ነው። የደም ካንሰር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ነበር የሚበዙት። ቀይ ደሟም፣ ደም የሚያረጋውም ክፍል ይወርድ ነበር፤ የእሷ አልወረደም። የጉበቷ ምርመራ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እሱም ከዚህ ሕመም ጋር ይሄዳል። እኔ የጠረጠርኩት ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባል የቫይረስ ሕመም ነው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ደሟን አዲስ አበባ እንልካለን።"

ታይፎይዱንም ጠየቅናት። ያ ምርመራ ድሮ ታይፎይድ ይዞት የነበረውንም፣ በሌላ ሕመም ሰውነቱ የተቆጣውንም ሰው "አለበት" ሊል እንደሚችል ነገረችን። ሽፍታው ደግሞ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርገዋል፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። የኤችአይቪ ምርመራዬ ነፃ ነበር። ገና በተያዙ ሰሞን ላይታይ ስለሚችል ግን በኋላ ይደገማል አለች። ካበጠው የአንገቴ እጢ በመርፌ ተወስዶ የታየውም ቲቢ አይደለም ተባለ።

የአዲስ አበባው ውጤት በመንገዱ ምክንያት ዘገየ። ሲመጣ ከእናቴ ጋር ተመልሰን ሐኪሟ ዘንድ ገባን፤ እሷ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ።

"መድኃኒቱስ?" አለች እናቴ።

"ዕረፍት ነው። ለትኩሳቱ ማስታገሻ፣ ብዙ ውኃ። ሌላ መድኃኒት የለውም፤ ራሱ ይሄዳል።"

"ይኼን ሁሉ ደም ቀድታችሁ መድኃኒት የለውም?" እናቴ እውነት ተናደደች። "ዕረፍትስ ድሀ ከየት ያመጣዋል?"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ወደ እኔ ዞራ "ጓደኛ አለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። መሬት መሬት አየሁ።

"ሞልቷታል" አለች እናቴ፤ "እንጭኒ ሙሉ ጓደኛዋ ነው።"

"የወንድ ጓደኛ ማለቴ ነው፣ እናቴ።"

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "የለኝም" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"አታፍሪ። በምራቅ ስለሚተላለፍ ነው የምጠይቅሽ። በመሳሳም፣ ከአንድ ዕቃ በመጠጣት ይይዛል። እኛ አገር አብዛኛው ሰው ሕፃን ሳለ ይይዘውና እንደ ጉንፋን ሳያውቀው ያልፋል፤ አንቺን ሳያገኝሽ ቆይቶ ነው። ሕፃን ሳያመው ቫይረሱን በምራቁ ብዙ ወር ሊይዝ ይችላል። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?"

እናቴ ስለ ሲፈን ነገረቻት፤ ያላመጥኩትን እንደማጎርሳት፣ እሷም የነከሰችውን እንደምታጎርሰኝ። "እንግዲህ ከእሷ ሊሆን ይችላል" አለች ሐኪሟ። "ለልጅቷ አትፍሩ። ከእሷ ከሆነ እሷ ጨርሳዋለች፤ ከሌላ ከሆነም ለእሷ ጉንፋን ነው።"

ባጃጅ ውስጥ እናቴን ለመንኳት።

"እማዬ፣ እንዳትነግሪያቸው።"

"ለምን?"

"ሲፈን አስያዘቻት ማለት ይሆናል። ደግሞ ደሟን እንመርምር ይሉና መርፌ ለመርፌ ያመላልሷታል።"

"አስይዛሽ የለ እንዴ? ከእሷ እኮ ነው የሸሸጉሽ።"

"ሕፃን ናት።"

"አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ሁሉንም ነገረቻቸው። ገመቹ ቆሞ ሰማት።

"ሲፈን አንድ ቀን አሟት አያውቅም፣ እማማ" አለ።

"ሕፃን አያመውም አለች ሐኪሟ።"

"እዚህ ላይ ተጽፏል?" ወረቀቶቹን ተቀብሎ አገላበጠ። የእኔ ስምና የእኔ ደም ብቻ ነው ያለው። መልሶ ሰጣት። "እኔ አልጣልኳትም። ይሻላትና ትምጣ፤ ቤቷ ነው። ግን ወንድሜንም ቀላል ነው ብለውን ነበር።"

እናቴ ወረቀቶቹን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና ልብሴን መጠቅለል ጀመረች። እህቴ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በዚያ ቤት ለእናቷ ብትፈርድ ባሏን፣ ለባሏ ብትፈርድ እናቷን ታጣለች፤ ስለዚህ ሳህን ታጥብ ነበር። በማግስቱ ስንሄድ "ካየችሽ ታለቅሳለች፣ ተኝታ ሳለች ሂጂ" አለችኝ። ሲፈን ተኝታ ሳለች ሄድኩ።

እንጭኒ የቆየሁበትን ጊዜ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ጉሮሮዬ ዳነ፣ ድካሙ ግን አልሄደም። ፊቴን ታጥቤ እንደገና እተኛለሁ። ይህን በተለይ የምጽፈው ለታመመ ሰው ነው፤ ድካሙ ከትኩሳቱ በኋላ ብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያልና ሰነፍኩ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ሰፈር ውስጥ ደሟ ወደ ነጭ ተለወጠ ተባለ። ሊጠይቁ የሚመጡት በር ላይ ቆመው "እግዜር ይማርሽ" ብለው ይመለሳሉ። አንዲት ጎረቤታችን ግን ቅቤ ይዛ ገብታ ሆዴን ልታሽ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"እጅሽን!" አለቻት እናቴ። "ሐኪም የከለከለችው ሆድ ነው።"

"አንቺ ራስሽ የስንቱን ሆድ ስታሳሺ አልነበር?"

"የእነሱ ጣፊያ አላበጠማ። ቅቤውን ግን አስቀምጪው።"

እህቴ እየደወለች ስልኩን ሲፈን ጆሮ ላይ ታደርግላት ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ሲፈን "ታታ፣ ታታ" እያለች ትጮኻለች፤ ስልኩን ከኋላው ገልብጣ ትፈልገኛለች አለችኝ እህቴ። በኋላ ዝም ብላ መስማት ጀመረች። ቆይቶ ቁልፉን እየነካች ታቋርጠዋለች። አንድ ቀን እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከካቺሲ የገመቹን ዘመድ አመጣናት፤ ጫልቱ ትባላለች። ምን ላድርግ፣ ሥራዬን ላጣ ነው" አለችኝ። "ደግ አደረግሽ" አልኳት።

ቀጠሮዬ ሲደርስ አምቦ ተመለስን። ሐኪሟ እንደገና ደም አስቀዳችና አዲሱን ወረቀት ከድሮው ጎን ለጎን አስቀመጠችው። እኔም እንድመለከት መስመር በመስመር ጣቷን አስኬደች። ነጭ ደሜ ወርዶ ጤነኛ ሰው ዘንድ ከሚገኘው ልክ ገብቷል። ሊምፎሳይቱም ወርዷል፤ ጉበቴም ተመልሷል፤ ጣፊያዬ አይዳሰስም። ኤችአይቪው አሁንም ነፃ ነው። "አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም" አለችኝ። "ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዪ ነው ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀው።" ስለዚህ ውጤታችሁን አትጣሉ፤ ወደ ሌላ ሐኪም ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ብቻ አዙሮ የሚያነብ ካጋጠማችሁ፣ ብታፍሩም "ለእኔም አሳየኝ" በሉት።

ከዚያ እህቴ ቤት ሄድን። ገመቹ አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ እንደ ተማሪ ፈተና ከላይ እስከ ታች አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ።

"ብርቄ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ" አለ። ወደ ጓዳ ተጣራ፤ "ጫልቱ፣ ሲፈንን አምጪያት።"

ሲፈን በእግሯ መጣች፤ ቁመቷ ጨምሯል። እጄን ዘረጋሁላት። አየችኝ። እንደማታውቀው ሰው ሳይሆን፣ የሆነ ቦታ ያየችውን ሰው ለማስታወስ እንደምትሞክር ሆና አየችኝ። ከዚያ ዞራ ፊቷን በጫልቱ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች።

"ትለምድሻለች" አለች እህቴ።

ጥቂት ቀን አብሬያቸው ሰነበትኩ። ጫልቱም እንደ እኔ ከቤቷ ርቃ የመጣች ልጅ ናት፤ እኔ እንድመለስ እሷን ማባረር ነበረባቸው፣ ያንን አልፈለግሁም። ልብስ ስፌት ተማርኩና አምቦ ውስጥ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቤት ተከራየሁ። ድካሙ ከዓመት በኋላ ፈጽሞ ለቀቀኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ውዬ ደህና እገባለሁ።

ሲፈን አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እሁድ እሁድ ልጠይቃቸው ስሄድ በሩን ሮጣ የምትከፍትልኝ እሷ ናት። አየት ታደርገኝና ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳ፣ "እማዬ፣ እንግዳ መጣ" ትላለች።